ጋሽ አቤሴሎም የውጭ ኩባንያ ከሰሱ

ፍርድ ቤት ያለበት ከተማ ሁሉ አንድ ቋሚ ከሳሽ አያጣም። የሆሳዕናው ክቡር ከሳሽ ጎረቤቴ ጋሽ አቤሴሎም ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር። እኔ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ስለሆንኩ ከእሳቸው የማመልጥበት መንገድ አልነበረኝም።

ያልከሰሱት የለም። ውሃ ጽሕፈት ቤቱን ቧንቧ ደረቀ ብለው፣ ጎረቤታቸውን አውራ ዶሮው እንቅልፍ ነሳኝ ብለው፣ የገዛ ቤተክርስቲያናቸውን መዘምራን በድምፅ ማጉያ አደነቆሩኝ ብለው ከሰዋል። አንድም ቀን አሸንፈው አያውቁም። ተሸንፈው ሲወጡ ኮታቸውን አስተካክለው «ይግባኝ አለ» ይላሉ። ባለቤታቸው እትዬ ውቢት በር ላይ ይጠብቋቸዋል።

«ዛሬስ ማን አሸነፈ?»

«ሕጉ።»

«እንግዲያው ግባና ምሳህን ብላ።»

አምና እትዬ ውቢት አንጋጫ ከተማ ያሉ እህታቸውን ጠይቀው ሲመለሱ፣ መንገድ የሚሠራ የውጭ ኩባንያ ገልባጭ መኪና ገጫቸው። እዚያው አረፉ። ሹፌሩ ማን እንደነበር ሳይታወቅ ሥራው አለቀና ኩባንያው ካምፑን ነቅሎ ሄደ። ለጋሽ አቤሴሎም የደረሳቸው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ «በአንዲት እግረኛ ላይ በደረሰው አደጋ የተሰማንን ሐዘን እንገልጻለን» ይላል።

ደብዳቤውን ይዘው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ።

«ጻፍ።»

«ስንት ካሳ እንበል፣ ጋሼ?»

«ካሳ አላልኩም። ፍርድ ቤት ቀርበው በስሟ ይጥሯት።»

«እንዲህ ያለ ዳኝነት አይጠየቅም እኮ።»

«አንተ ጻፍ።»

ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር፣ የአውራ ዶሮውን ክስ እንደጻፍኩት በጥድፊያ ነው የጻፍኩት። መዝገብ ቤት ያሉትም «ደግሞ ዛሬ ማንን ነው?» ብለው ሳቁ። ዕድሜውን ሙሉ ሲከስ የኖረ ሰው፣ እውነተኛ በደል ሲደርስበት የሚያምነው አያገኝም።

የሆሳዕናው ፍርድ ቤት፣ ተከሳሹ የውጭ ድርጅት ስለሆነ ጉዳዩ የሚታየው በፌዴራል ፍርድ ቤት ነው ብሎ መለሳቸው። ያን ጊዜ አፈርኩ። ክሱን እንደገና፣ በደንብ አድርጌ ጻፍኩላቸውና አዲስ አበባ አብሬያቸው ሄድኩ። የኩባንያው ቢሮ ተዘግቶ መጥሪያ የሚቀበል ሰው ጠፋ። በጋዜጣ ተጠራ። በአራተኛው ቀጠሮ አንድ ጠበቃ ቀረበ።

ጠበቃው፣ መኪናው የንዑስ ተቋራጭ እንጂ የደንበኛው እንዳልሆነ፣ ንዑስ ተቋራጩም አገር እንደለቀቀ አስረዳ። ዳኛዋ ሰምተው ሲጨርሱ ጠየቁት።

«የሟች ስም ማን ነበር?»

ጠበቃው ወረቀቱን ገለበጠ። ደግሞ ገለበጠ።

«ይቅርታ፣ ክብርት ዳኛ፣ እዚህ አልያዝኩትም።»

ጋሽ አቤሴሎም አጠገቤ ቆመው ነበር። ክርክር የሚወዱት ሰውዬ የኩባንያውን ደብዳቤ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ተቀመጡ።

ከወር በኋላ ኩባንያው በነፃ ተሰናበተ። ይግባኙን እኔ አዘጋጅቼ ወሰድኩላቸው፤ አልፈረሙም። ከዚያ ወዲህ ማንንም ከሰው አያውቁም። ስንት ዓመት የሸሸኋቸውን ሰው አሁን ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛዬ ጋ ተቀምጬ፣ መንገድ መንገዱን እያየሁ እጠብቃለሁ፤ አይመጡም።

ባለፈው ወር አጥሬን ሳድስ ሆን ብዬ አንድ እርምጃ ወደ ግቢያቸው ገባሁ። ተከስሼ መጥሪያ ሲደርሰኝ ምን ብዬ እንደምከራከር ሳይቀር አሰብኩ። በማግስቱ ወጥተው አዲሱን ችካል ቆመው አዩት።

«ጋሼ፣ ድንበርዎን እኮ ገፋሁት» አልኳቸው።

«ይሁን ልጄ» አሉኝ። «ለአንድ ሰው ይኼም ይሰፋል።»