አማካሪው ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ

(የአማካሪው ቢሮ። ጥግ ላይ ባልዲ ተቀምጧል፤ ከጣሪያው ውሃ ጠብ ይልበታል። ዩኒቨርሲቲው ለነፃ ትምህርት ዕድሉ የሚያጨው አንድ ተማሪ ብቻ ነው፤ ዘንድሮ ይህችን ተማሪ መርጧል፤ ገና የዳኞች ቃለ መጠይቅ ይጠብቃታል። እሷም የክት ልብሷን ለብሳ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አማካሪዋ ዶክተር ከፊቷ ቆመዋል።)

አማካሪው፦ አልኩሽ እኮ! እንደሱ አይቀመጥም!

ተማሪዋ፦ ታዲያ ዶክተር፣ ወንበር ላይ እንዴት ነው የሚቀመጡት?

አማካሪው፦ ጫፉ ላይ ነዋ! ተደላድለሽ ከተቀመጥሽ “ይህቺስ ጠግባለች” ይሉሻል። ጫፉ ላይ ስትሆኚ ዕድሉ የራበሽ ትመስያለሽ።

ተማሪዋ፦ (ወደ ጫፉ እየተጠጋች) ብወድቅስ?

አማካሪው፦ ያዝኑልሻል! እሱም የራሱ ነጥብ አለው።

ተማሪዋ፦ እሺ። ግን ዶክተር፣ የድጋፍ ደብዳቤው ማስገቢያ ዛሬ ነው የሚዘጋው። እርስዎ ካልጻፉልኝ ደግሞ...

አማካሪው፦ ደብዳቤዋ ምን አላት? አምና ለሌላ ልጅ የጻፍኩት አለ፤ ስም መቀየር ነው። ለእሷ ነገ ነይ። ዋናው ቃለ መጠይቁ ነው! በይ አሁን የችግር ታሪክሽን ንገሪኝ።

ተማሪዋ፦ የምን ችግር?

አማካሪው፦ ዳኞቹን የሚያስለቅስ ነዋ! እናትሽ እንዴት ናቸው?

ተማሪዋ፦ ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

አማካሪው፦ አበላሸሽው! አባትሽስ?

ተማሪዋ፦ እሱም ደህና ነው። ጫማ ይሸጣል።

አማካሪው፦ ትንሽ እንኳ አያማቸውም?

ተማሪዋ፦ ደውዬ ልጠይቀው? “ዶክተር ታመም ብለውሃል” ልበለው?

አማካሪው፦ ኧረ የፈጣሪ ያለህ! እሺ፣ “ድክመትሽ ምንድን ነው?” ቢሉሽስ?

ተማሪዋ፦ ጠዋት ጠዋት መነሳት አልችልም።

አማካሪው፦ (ራሳቸውን ይዘው) “ሥራ ከያዝኩ ማቆም አልችልም” ነው የሚባለው! አንቺ ልጅ፣ ልታሳብጂኝ ነው? ተነሺ! ቦታ እንቀያየር። አንቺ ዳኛ፣ እኔ አንቺ። አይተሽ ተማሪ!

(ይቀያየራሉ። ዶክተሩ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ይላሉ።)

ተማሪዋ፦ ዶክተር፣ እንደምን አደሩ?

አማካሪው፦ የምን “አደሩ” ነው? እኔ አሁን አንቺ ነኝ እኮ! “አንቺ” በይኝ።

ተማሪዋ፦ ኧረ ነውር ነው ዶክተር!

አማካሪው፦ በይ ብያለሁ!

ተማሪዋ፦ እሺ... አንቺ... ዶክተር... እንደምን አደርሽ?

አማካሪው፦ (ድምፃቸውን አቅጥነው) እግዚአብሔር ይመስገን፣ ክብርት ዳኛ። (በራሳቸው ድምፅ) ትሕትናዋን አየሻት?

ተማሪዋ፦ አየኋት። ጥናትሽ ስለ ምንድን ነው?

አማካሪው፦ ጥናቴማ... ስለ ልማት ነው።

ተማሪዋ፦ የምን ልማት?

አማካሪው፦ የ... አጠቃላይ ልማት። የትውልድ።

ተማሪዋ፦ የምህንድስና ተማሪ አይደለሽም እንዴ?

አማካሪው፦ የምህንድስና ትውልድ! (በኩራት) አየሽ፣ ፍንክች የለም!

ተማሪዋ፦ አማካሪሽ ጥናቱን አንብበውልሻል?

አማካሪው፦ (ጨዋታው እየጣማቸው) እሳቸው? የት ተገኝተው! በራቸው ላይ ስመላለስ ጫማዬ አለቀ። “ነገ ነይ” ይሉኛል። ነገ ስመጣ ስብሰባ ናቸው። ከስብሰባ ሲወጡ ስልክ ላይ ናቸው። ስልኩን ሲዘጉ ወደ ቤታቸው! (እውነተኛ እንባ ይመጣቸዋል) ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ክብርት ዳኛ፣ አንድ ቀን ቀና ብለው ፊቴን አላዩትም! (ዓይናቸውን እየጠረጉ) የችግር ታሪክ ማለት ይሄ ነው! ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅ!

ተማሪዋ፦ እኔ አውቃለሁ።

አማካሪው፦ ከየት?

ተማሪዋ፦ ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ያ ባልዲ የማን ነው?

አማካሪው፦ እሱማ የጥገና ክፍል ነው። ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ልጅ እየመጣች ውሃውን ትለካለች።

ተማሪዋ፦ ለምን ትለካለች?

አማካሪው፦ እኔ ምን አውቄ! ሥራ ፈታ ይሆናላ። እጇ ግን የተባረከ ነው፤ የዚህ ወንበር እግር ሲሰበር የጠገነችልኝ እሷ ናት።

ተማሪዋ፦ ጥናቴ ጠፍጣፋ ጣሪያ ለምን እንደሚያፈስ ነው፣ ዶክተር። ከግቢው ሁሉ የባሰው ደግሞ የእርስዎ ቢሮ ነው።

(ባልዲው ውስጥ ውሃ ጠብ ይላል።)

አማካሪው፦ ባለ ቱታዋ... አንቺ ነሽ?

ተማሪዋ፦ ወንበሩንም የጠገንኩት እኔ ነኝ። ጫፉ ላይ አይቀመጡ፣ ምስማር አልበቃኝም ነበር።

(ዶክተሩ በድንጋጤ ወደ መሃል ይሸሻሉ፤ ወንበሩ ሲጥ ይላል።)

አማካሪው፦ ምነው ታዲያ አንድ ቀን እንኳ “ተማሪዎ ነኝ” ብትዪኝ!

ተማሪዋ፦ ብዬዎት ነበር። ስልክ ላይ ነበሩ። የተሰበረውን ወንበር በእጅዎ አሳዩኝ።

አማካሪው፦ አፈርኩ። እውነቴን ነው ልጄ፣ መግቢያ ነው ያጣሁት።

ተማሪዋ፦ እኔ እንዲያፍሩ አይደለም የፈለግኩት። አባቴ ጫማ ሸጦ እዚህ አድርሶኛል፤ ከዚህ በላይ ግን አቅም የለውም። ይሄ ዕድል ካመለጠኝ ትምህርቴ እዚህ ላይ ያበቃል።

አማካሪው፦ ይሄን እኮ ነው ስጠይቅሽ የነበረው!

ተማሪዋ፦ እርስዎ የጠየቁኝ “አያማቸውም ወይ?” ብለው ነው።

(ዶክተሩ ላባቸውን ይጠርጋሉ። ከነገሩ ለማምለጥ ድምፃቸውን እንደገና ያቀጥናሉ።)

አማካሪው፦ እሺ ክብርት ዳኛ... ለመሆኑ አለፍኩ ወይስ ወደቅኩ?

ተማሪዋ፦ (ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ቀና ሳትል) ነገ ነይ።

አማካሪው፦ (ከወንበሩ ብድግ ብለው) የምን ነገ ነው?! የደብዳቤው ማስገቢያ ዛሬ አይደል እንዴ የሚዘጋው?

ተማሪዋ፦ (እስክሪብቶና ነጭ ወረቀት እያቀበለቻቸው) ጎበዝ! አሁን አልፈሻል።