ሊቀ ዝግጁ ፈንታውና የእትዬ አሰለች ገና

የትም አገር ብትሄዱ፣ ሌላው የሠራውን ገጣጥሞ «ሠራሁ» የሚል ሰው አታጡም። የላሊበላው ግን ይብሳል። አንድ ድንጋይ ሳይቀጠልባቸው ከወጥ ዐለት በተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት መካከል ተወልዶ አድጎ፣ ከመገጣጠም ሌላ ሙያ የሌለው እሱ ብቻ ነው። ስሙ ፈንታው ይባላል። ሥራው ለሆቴልና ለአስጎብኚ ድረ ገጽ መሥራት ነው፤ ማዕረጉ ደግሞ፣ ከተማው በሙሉ ድምፅ እንዳጸደቀለት፣ «ሊቀ ዝግጁ»።

ማዕረጉ በከንቱ አልተሰጠም። በሚሠራው ገጽ ላይ የሚነካው ቁልፍ፣ የሚዘረጋው ሜኑ፣ የሚገለባበጠው ፎቶ፣ ሁሉም ፈረንጆች ጃቫስክሪፕት በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ ሠርተው በነጻ ከለቀቁት ክምችት የመጣ ነው። ክምችቱን «ላይብረሪ» ይለዋል። ኔትወርክ ስለማይታመን አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር በፍላሽ ሞልቶ ይመጣል። «ኧረ አንዱን እንኳ ራስህ ሥራ!» ያሉት እንደሆነ መልሱ ያው ነው፦ «ዝግጁ አለ! ምን አደከመኝ?»

ለአስጎብኚው ለታፈረ የገጠመለት ፎቶ ማሳያ ከነናሙና ፎቶው ስለመጣ፣ ከቤተ ጊዮርጊስ ቀጥሎ የባሕር ዳርቻ ይታይ ነበር። ታፈረ የዋና ልብስ ይዞ የመጣ ቱሪስት አስከትሎ የአሸተንን ዳገት ሲወጣ ፈንታውን ከነዘር ማንዘሩ እየረገመ ነበር ይባላል።

እትዬ አሰለች ይህን ሁሉ እያወቁ ነው «ድረ ገጽ ሥራልኝ» ያሉት። 2006 ዓ.ም. ለአዲሱ ሆቴላቸው የመጀመሪያው ገና ነበር። በዚያ ገና እንግዳ ካፈረ የሆቴሉ ስም አብሮ መቀበሩ ነው።

«አደራህን ፈንታው፣ የገናውን ነገር!»

«አብሽሩ እትዬ። ቀን የሚያስመርጥ ካላንደር ዝግጁ አለ። በዓሉን እንኳ ራሱ ያውቃል።»

አወቀላቸው! ታኅሣሥ 16 ቀን አራት ፈረንጆች ነጠላቸውን አጣፍተው ከመኪና ወረዱና «በዓሉ የት ነው?» አሉ። የፈረንጅ ካላንደር የሚያውቀው የፈረንጅ ገናን ነው፤ ሊቁም «የገና መስተንግዶ» የሚለውን ካላንደሩ ራሱ ባቀላው ቀን ላይ ለጥፎ እፎይ ብሎ ተኝቷል። ከተማው ጾም ላይ ነው። ዶሮው ቀርቶ እንቁላሉም የለም። እትዬ አሰለች ለእንግዶቹ ሽሮ አቀረቡና ጓዳ ገብተው አለቀሱ።

ፈንታው ሲጠራ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ።

«በል እንጂ!» አሉት። «ለዚህስ ዝግጁ አለህ?»

«የለኝም፣ እትዬ።»

ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምተው አያውቁም። ሊቆጡ የተነሡት ሴትዮ መልሰው ተቀመጡ።

ከዚያማ ሌላ ሰው ሆነ። በገጹ ስሕተት የተነሣ የእውነተኛው ገና ሰሞን ክፍሎቹን የያዘ ሰው አልነበረምና፣ «የእኛ በዓል ሁለት ሳምንት ይቀረዋል፤ ብትቆዩ እኔ አለሁ» ብሎ እንግዶቹን ለመናቸው። ቆዩ። ይምርሐነ ክርስቶስ ወሰዳቸው፣ የብልባላን ገበያ አዞራቸው፣ ሻንጣ ተሸከመ፤ አልሄድም ካለች አህያ ጋር ሲከራከር ያዩትም አሉ። ለእሷ ዝግጁ አላገኘም። በታኅሣሥ 29 ማለዳ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ዐለቱ አናት ላይ ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ፣ አራቱ ፈረንጆች በሕዝቡ መካከል እንባቸውን ይጠርጉ ነበር። እትዬ አሰለችም እንደዚያው፤ የዛሬው ግን የደስታ ነበር።

ከበዓሉ በኋላ ፈንታው አንድ ካላንደር ሠርቶ መጣ። ከየትም ያላመጣው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሱ የጻፈው፣ ባለ አሥራ ሦስት ወር። ከፈረንጁ ቀን ሥር የእኛ ቀን አለ፣ ገናም በቦታው ቀልቷል። ጳጉሜ ብቻ ቦታ አጥታ ወደ ጥግ ተንጋዳለች። «ነገ አስተካክላታለሁ» አለ፤ ያ ነገ እስካሁን አልመጣም።

በዓመቱ አንድ ዘናጭ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥቶ ያንን ገጽ ተመለከተና ሳቁን ዋጠ። «እማማ፣ ይሄ እኮ ተበላሽቷል። በዘመናዊ ልቀይርልዎት?»

እትዬ አሰለች የተንጋደደችውን ጳጉሜ አዩ። ያ ሰነፍ፣ ያ ለጣፊ፣ ለሳቸው ብሎ ሲደክም ታያቸው።

«ተወው ልጄ» አሉት። «ምን አደከመኝ? ዝግጁ አለኝ።»