የሦስተኛው ዘፈን ሲቃ

አገር የሚያድገው ጥሩ አድማጭ ሲኖረው ነው። ይህን የተናገሩት ጋሼ ረዲ ናቸው፤ ሲናገሩትም የቁልፍ ጆንያ ላይ ቆመው ነበር። ጋሼ ረዲ መርካቶ ውስጥ የዚፕና የልብስ ቁልፍ አከፋፋይ ቢሆኑም፣ ከሚያበላቸው ሥራ ይልቅ የሚኮሩበት ሌላ ከባድ ኃላፊነት አለባቸው። «የድምፃዊ ይሄይስ ደምሴ ሥራዎች አድናቂዎች፣ አድማጮችና ተቆርቋሪዎች ማኅበር» ሊቀመንበር ናቸው። ማኅበሩ ሠላሳ አንድ አባላት፣ አንድ ክብ ማኅተም፣ አንድ ቴፕና አንድ ካሴት አለው። ካሴቱ አንድ የሆነው ድምፃዊው በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት አንድ ብቻ አሳትመው ዝም ስላሉ ነው።

እሑድ እሑድ፣ ሱቅ ሁሉ ሲዘጋ፣ አባላቱ በጋሼ ረዲ መጋዘን ተሰብስበው ካሴቱን ያዳምጣሉ። ማዳመጥ ሲባል ታክሲ ውስጥ ተጨናንቆ እንደሚሰማው ዓይነት አይደለም። በመጀመሪያ ያለፈው ሳምንት ቃለ ጉባኤ ይነበባል። ቀጥሎ «ካለፈው ሳምንት ወዲህ በካሴቱ ላይ የታየ ለውጥ» የሚል አጀንዳ ይቀርባል። ካሴቱ ያው ስለሆነ እስካሁን ምንም ለውጥ አልታየም፤ አለመታየቱም በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። ከዚያ ስልክ ይጠፋል፣ በር ይዘጋል፣ ሦስተኛው ዘፈን ይከፈታል።

ሦስተኛው ዘፈን «ደረጃው ላይ ቁሚ» ይባላል። ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርሱ ድምፃዊውን ሲቃ ይተናነቃቸዋል። ወፍራም፣ ቀርፋፋ፣ ከሆድ እየተጎተተ የሚወጣ ሲቃ ነው፤ ሰባት ሰከንድ ይቆያል። በእነዚያ ሰባት ሰከንዶች ውስጥ ሠላሳ አንዱ ነጋዴዎች አንገታቸውን ይደፋሉ። ጋሼ ረዲ ግን ያለቅሳሉ። በሰባ ዘጠኝ ያጯት ሀፍሷ ለሌላ ስትዳር ይህን ሲቃ ሰምተው አልቅሰው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አግብተው አምስት ልጅ ወልደው አያት ቢሆኑም፣ ልቅሶውን አንድም እሑድ ዕረፍት ሳይወስዱ ቀጥለውበታል።

ልቅሶ ብቻውን ደግሞ ለትውልድ አይተርፍም። ስለዚህ ጋሼ ረዲ አሥራ አንድ ዓመት ደክመው «ሲቃው» የተባለ ባለ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ መጽሐፍ ጽፈዋል። አራተኛው ምዕራፍ ድምፃዊው በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ከሐዘን ብዛት መሞታቸውን ያረጋግጣል። ማስረጃው አጭርና የማያወላዳ ነው፤ እንዲህ ያዘነ ሰው ከሦስት ዓመት በላይ ሊኖር አይችልም። ይህን የተቃወመ ሐኪም እስካሁን የለም፤ የተጠየቀም የለም። መጽሐፉ ታትሞና ተጠርዞ፣ ካሴቱ የወጣበት አርባኛ ዓመት ሲከበር ሊመረቅ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ፈሪዳ ጤፍ ያለቀባት።

ፈሪዳ የክር ነጋዴና የማኅበሩ ጸሐፊ ናት፤ አባልነቱን ከአባቷ ወርሳ ነው። እህል በረንዳ ሄዳ ጤፍ ስታስመዝን፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ቀጭን ሽማግሌ እንደ ወፍ በሚጮህ ፈጣን ድምፅ ኪሎውን ጠሩላትና ደረሰኝ ጻፉላት። ደረሰኙን አየችው። ደግማ አየችው።

«አባቴ፣ በእርስዎ ስም የሚጠሩ ዘፋኝ ነበሩ እኮ።»

«እኔ ነኛ።»

«እሳቸውማ ሞተዋል።»

ሽማግሌው ሚዛኑን ለቀቅ አደረጉት። «መቼ?»

«በሰማንያ አንድ።»

«በሰማንያ አንድማ እዚሁ ነበርኩ፤ ጤፍ ተወዶ ለመሞት የሚሆን ጊዜ አልነበረኝም።»

ነገሩ ቀላል ነበር። ካሴቱ አልሸጥ ሲላቸው ዘፈኑን ትተው እህል ውስጥ ገቡ። የራሳቸው ካሴት በቤት ለውጥ ጠፋ። ባለቤታቸው እትዬ ወለተ ማርያም ባላቸው ዘፍነው እንደሚያውቁ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ አላመኗቸውም፤ ሲያንጎራጉሩ በሰሟቸው ቁጥር «አሁን ደግሞ ዘፋኝ ነበርኩ በል» ይሏቸዋል።

«ልጄ» አሉ አቶ ይሄይስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንድ ቅጂ ብታገኙልኝ። ከተቻለም ማኅተም ያለበት ወረቀት። ለእሷ የማሳያት።»

ፈሪዳ በቀጣዩ እሑድ ይዛቸው መጣች። ጋሼ ረዲ ዜናውን ሲሰሙ ደስ አላቸው ማለት ይከብዳል። መጀመሪያ ትዝ ያላቸው አራተኛው ምዕራፍ ነበር። ጥግ ላይ የተከመሩትን መጽሐፎች አዩ፣ እንግዳውን አዩ፣ ከሁለቱ አንዱ መነሳት እንዳለበት ገባቸው።

«ማኅበራችን በሕይወት መኖርን አይቃወምም» አሉ ቆመው። «ይሁን እንጂ መኖር በማስረጃ መረጋገጥ ይኖርበታል።»

ወዲያው ሰባት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢውም ጋሼ ረዲ ሆኑ። አቶ ይሄይስ መታወቂያቸውን አወጡ። ኮሚቴው መታወቂያውን ተቀባብሎ መረመረና መለሰላቸው፤ መታወቂያ ነዋሪነትን እንጂ ድምፃዊነትን አያረጋግጥም።

«እስቲ ይዝፈኑ» ተባሉ።

አቶ ይሄይስ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ አጨበጨቡ፣ «ደረጃው ላይ ቁሚ»ን ጀመሩት። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ዘፈኑ ይሮጣል፤ እግራቸውም አብሮ ይመታል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ አባል ሳያስበው ትከሻውን ነቀነቀና ጋሼ ረዲ ሲገላምጡት አቆመ።

«ፈጠኑ» አሉ ጋሼ ረዲ።

«የሰርግ ዘፈን እኮ ነው። ሙሽሪት ደረጃው ላይ ቁሚና ሰው ይይሽ ነው የሚለው።»

«የለም፤ የሬሳ ሣጥን ሲወርድ እናት ደረጃ ላይ ቆማ ስታይ ነው። ገጽ ስልሳ ሦስት ላይ ተብራርቷል።»

ክርክሩን ለመዝጋት ካሴቱ ተከፈተ። አቶ ይሄይስ ጆሯቸውን ወደ ቴፑ ሰጥተው፣ ፊታቸውን አኮማትረው አዳመጡ።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«እርስዎ ነዎታ! እኔ ነኝ ካሉ!»

«አሞታል እንዴ?»

ይህን ጊዜ ሲቃው ደረሰ። አባላቱ አንገታቸውን ደፉ፤ ጋሼ ረዲ መሐረባቸውን አወጡ። አቶ ይሄይስ ግን ፊታቸው በራ፣ ከተቀመጡበት ጆንያ ላይ ብድግ አሉ።

«እቺን አወቅኋት! እዚህ ጋ እኮ የሳቅሁበት ነው! ኦርጋን የሚመታው ልጅ ወንበሩ ተሰብሮ ከነኦርጋኑ ተዘረጋ። ሳቄ አመለጠኝ። እንደገና እንዳንቀዳው የስቱዲዮ ሰዓታችን አልቆ ነበር፤ እንዳለ ተውነው።»

ጋሼ ረዲ መሐረባቸውን አወረዱ። አርባ ዓመት ሙሉ፣ በየእሑዱ፣ እሳቸው ለሀፍሷ ሲያለቅሱ አንድ ሰው ከቴፑ ውስጥ ሲስቅባቸው ኖሯል ማለት ነው? አፈሩም፣ ተናደዱም። ያ ሁሉ እንባ አሳዘናቸው።

ከሁሉም በላይ ያበገናቸው አባሉ እንድሪስ ጉሮሮውን ሲጠራርግ መስማታቸው ነው። እንድሪስ ዛሬ የሞባይል ሽፋን ይሸጣል እንጂ፣ በዚያን ዘመን ካሴት እየቀዳ ይሸጥ ነበር፤ የማኅበሩንም የአባላቱንም ካሴት የቀዳው እሱ ነው።

«ወላሂ፣ እኔም የሆነ ነገር ልበል» አለ እንድሪስ። «ዋናውን ካሴት በሁለተኛው ወር ማሽኑ በላው። ከቅጂው ቀዳሁ። እሱም ሲያረጅ ከቅጂው ቅጂ። የማጫወቻው ጎማ ደግሞ ላልቶ ነበር፤ በቀዳሁ ቁጥር እየቀረፈፈ፣ እየወፈረ ሄደ።»

«አውቀህ ለምን አልቀየርከውም?»

«ደንበኛው ሁሉ ‹ይሄኛው ይበልጥ አንጀት ይበላል› እያለ ሲወስድ ምን አስቸኮለኝ?»

«እንድሪስ፣ ሐዘኑ የጎማ ነው እያልክ ነው?»

«ኧረ እኔ ላልቶ ነበር ነው ያልኩት።»

ኮሚቴው ለብቻው ተመካከረ፤ ሌላ ክፍል ስላልነበረ የቀሩት አባላት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ውሳኔውም እንዲህ ተነበበ፦ የጎማው መላላት የቴክኒክ ጉዳይ፣ ሐዘኑ ግን የጥበብ ጉዳይ በመሆኑ ሁለቱ እንዳይደባለቁ፤ ተፈታኙ በድምፅ ከሠላሳው አራት፣ በሐዘን ከሰባው ዜሮ ያገኙ ስለሆነ ሟቹ ድምፃዊ በሞታቸው እንዲጸኑ። አቶ ይሄይስ የለመኑት ባለ ማኅተም ወረቀትም አልቀረባቸውም። «አቶ ይሄይስ ደምሴ ድምፃዊ ይሄይስ ደምሴ አለመሆናቸውን እናረጋግጣለን» ይላል።

«ጋሼ ረዲ፣ ኧረ ነውር ነው» አለች ፈሪዳ።

«ነውሩ ምኑ ላይ ነው? ሞክሼ ናቸው። በሞክሼነታቸው ለበዓሉ በክብር ተጋብዘዋል።»

የበዓሉ ዕለት መጋዘኑ በባነር አሸበረቀ። ባነሩ ላይ «ነፍስ ይማር» ተብሎ በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። አቶ ይሄይስ ባለቤታቸውን ይዘው መጥተው ከኋላ ተቀመጡ፤ ቢያንስ ዘፈኑን ትሰማልኝ ብለው ነው። እትዬ ወለተ ማርያም ወረቀቱን ከባላቸው ኪስ አውጥተው አነበቡና አጥፈው መለሱላቸው።

«ሠላሳ አምስት ዓመት ስነግርህ» አሉ። «ይኸው በማኅተም።»

ጋሼ ረዲ አርባ ደቂቃ ንግግር አደረጉ። መጽሐፉ ተመረቀ። ሲቃው ተሰማ፤ ጋሼ ረዲም አለቀሱ፤ ዘንድሮ ግን በአንድ ዓይናቸው ወደ ኋላ ረድፍ እየተመለከቱ ነበር። በመጨረሻ ታዳሚው ለሟቹ የአንድ ደቂቃ የህሊና ጸሎት እንዲያደርግ ተጠየቀ። ሁሉም ቆመ። አቶ ይሄይስም ቆሙ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ለነፍሳቸው ዕረፍት አንገታቸውን ደፉ።

ሃያ ሰከንድ ያህል ቻሉት። ከዚያ ቀና ሲሉ ባነሩን አዩት። ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ያ ቀጭን፣ ፈጣን፣ የወፍ የሚመስል ሳቅ መጋዘኑን ሞላው።

«ጋሼ!» አሉ ጋሼ ረዲ። «ሟቹን ያክብሩ እንጂ!»

ፈሪዳ በዓሉን በስልኳ እየቀዳች ነበር። ሳቁን ለብቻው ቆረጠችው፣ ስልኩ ላይ ፍጥነቱን ዝቅ አደረገችው፣ ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘችውና ለቀቀችው።

ወፍራም፣ ቀርፋፋ፣ ከሆድ እየተጎተተ የሚወጣ ሲቃ መጋዘኑን አናወጠው። ሠላሳዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ጋሼ ረዲ የቁልፍ ጆንያው ላይ ተቀመጡ፣ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። እትዬ ወለተ ማርያም እንኳ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

«እሱ ነው!» አሉ ጋሼ ረዲ። «ያ ረቢ፣ እሱ ራሱ ነው! ፈሪዳ፣ ይሄን ከየት አገኘሽው?»

ፈሪዳ ጣቷን ወደ ኋላ ረድፍ ቀሰረች። «አሁን ከሳቁት ከእሳቸው። ስልኬ ላይ አዘገየሁት እንጂ ሌላ ምንም አልነካሁትም።»

ጋሼ ረዲ ጣቷን ተከትለው አዩ። አቶ ይሄይስ ቆመው ይጠብቃሉ፤ እትዬ ወለተ ማርያምም ባላቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አተኩረው እያዩ ነበር። የቀረው ከጋሼ ረዲ አፍ የሚወጣ አንድ ቃል ብቻ ነው። ጋሼ ረዲ ወደ መጽሐፎቹ ዞሩ። ገና ቀለማቸው ይሸታል። መሐረባቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ተነሱ።

«ጻፊ» አሏት። «ድምፃዊው ከመሞታቸው በፊት የተቀረጸ፣ እስከ ዛሬ ያልተሰማ ሁለተኛ ሲቃ በማኅበራችን ጥረት መገኘቱ። ለሚቀጥለው እትም አምስተኛ ምዕራፍ እንዲሆን መወሰኑ። በህሊና ጸሎት ወቅት የሳቁት ሞክሼ በክብር እንዲሸኙ።»

እትዬ ወለተ ማርያም ነጠላቸውን አስተካክለው ቀድመው ወጡ። አቶ ይሄይስም ተከተሉ። ጋሼ ረዲ ክፉ ሰው አይደሉምና እስከ በሩ ሸኟቸው፤ የመጋዘኑ ደረጃ አፍ ላይ ሲደርሱ የአቶ ይሄይስን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸው ገና በእንባ እንደረጠበ፣ በቅን ልብ አጽናኗቸው።

«አይቀየሙን፣ ጋሼ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። እንደ እርስዎ ያለ ሳቂታ ሰው የእሱን ሐዘን ሊረዳው አይችልም።»