ለባለቤቴ ድምፅ የገዛሁት ጥማድ

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነው። ወሩ ሐምሌ ነው። ነቀምቴና ዙሪያዋ ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል፤ ሲያባራ ጉም ይወርዳል። መንገዱ ጭቃ ነው። ስለ አየሩ ይህ ይበቃል።

ሰው የማያውቀውን ነገር ሊገዛ ሲወጣ የሚያውቀውን ነገር ይዞ ይወጣል። ልብስ ሰፊ ቤት ሊከራይ ቢሄድ መጀመሪያ የሚዳብሰው መጋረጃውን ነው። እኔ ገበሬ ነኝ፤ ሐኪሙንም፣ አማቹንም፣ ሬዲዮኑንም የምመዝነው በበሬ ነው። አትሳቁ። እናንተም የየራሳችሁ በሬ አላችሁ፣ ስሙ ብቻ ሌላ ነው። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለውስ ለበሬው ብቻ የተባለ ይመስላችኋል? ለገዢውም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ጫልቱ ከልጅነቷ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ትዘምራለች። አንገቷ ላይ እንቅርት አለባት፤ ይህ እኛ አገር ብርቅ አይደለም። ዘንድሮ ግን ትንፋሽ ከለከላት። ሐኪሙ ከመስቀል በኋላ በቀዶ ሕክምና ይወጣል አለ። ቀጥሎም፣ ድምፅሽ እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል፣ አስቀድሜ ልንገርሽ አላት። ጫልቱ ራሷን ነቀነቀች።

ልጃችን ሌንሳ ነቀምቴ ውስጥ በኮምፒውተር ሥራ ትተዳደራለች። ሳሎናችን ጥግ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አስቀምጣልናለች፤ ሰርቨር ትለዋለች። የቤተሰቡ ፎቶ፣ የዘመድ ሠርግ፣ የእናቷ መዝሙር ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ በቴሌቪዥንም በስልክም ይከፈታል። በውስጡ ትልቅ ሃርድ ዲስክ አለ፤ ብዙ ይይዛል፣ ግን ዘገምተኛ ነው። ከፊቱ ካሽ የምትለው ፈጣን ዕቃ አለ፤ እሱም ኤስ ኤስ ዲ ይባላል። አዲስ የተቀረጸ ነገር መጀመሪያ እዚያ ያርፋል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ትልቁ ይገለበጣል። ይህን ስትነግረኝ ወዲያው ገባኝ። ትልቁ ውጭ የቆመው ጎተራ ነው፤ ትንሹ ጓዳ ያለው ድብኝት።

በሰኔ መዘምራኑ ቤታችን መጥተው የጫልቱን አንድ መዝሙር ቀረጹ። የቀረጸችው ልጅ ስልኳ ሞልቶባት ነበርና ወደ ሰርቨሩ እንደላከችው ከስልኳ አጠፋችው። መዝሙሩ ወደ ጎተራው ሳይገባ መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመጣ ድብኝቱ ሞቶ ተገኘ፤ መዝሙሩም አብሮት ተቀበረ። ጫልቱ «ምን ችግር አለው፣ ደግሜ እዘምረዋለሁ» አለች። ከመስቀል በኋላ ግን እንዲህ ማለት ላትችል ነው።

ስለዚህ ቆረጥኩ። መዝሙሮቿ በሙሉ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይቀረጻሉ፤ አንድም አይጠፋም። ሌንሳ «አባዬ፣ ዕቃውን ሁለት አድርገው ይግዙ። አንዱ የያዘውን ሌላውም ይይዛል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተርፋል» አለችኝ። ሁለት ማለት ጥማድ ነው። ጥማድ መግዛት ደግሞ ማንም አያስተምረኝም።

ነቀምቴ ሸምሱ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ አለ፤ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚህ የከረመ፣ ኦሮምኛን ከእኔ አሳምሮ የሚናገር።

«አካም ጅርቱ፣ አባ ሌንሳ! በዚህ ዝናብ ናፍቆት ነው ያመጣዎት?»

«ኤስ ኤስ ዲ» አልኩት።

«እኔም ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ሳቀ።

በሚያብረቀርቅ ማሸጊያ የታሸገ፣ የእሽቅድምድም መኪና የተሣለበት አንድ ዕቃ አወጣና «ይሄ ጥይት ነው» አለኝ። ሩጫ አልጠየቅኩህም አልኩት፤ የሚሮጥ በሬ ሞፈር ሰባሪ ነው። ሌንሳ የላከችኝን ጥያቄ ጠየቅኩት፤ ምን ያህል ቢጻፍበት ይችላል? መብራት ድንገት ሲሄድስ የያዘውን ይጥላል? ሸምሱ ሳቁን ተወ። ከታችኛው መደርደሪያ መልኩ የማያምር ሌላ አወጣ። ይሄኛው መብራት ሲሄድ የያዘውን አስቀምጦ እስኪጨርስ የምትበቃው ትንሽ ኃይል በውስጡ ያስቀራል አለኝ።

«ጥርሱን አሳየኝ።»

ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘውና ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ምን ያህል እንደተጻፈበት ከመስታወቱ ላይ አነበበልኝ። ያልተነካ አዲስ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለከብት ገበያ ቢኖር ስንቱ ደላላ ጦሙን ባደረ!

«ሁለት ስጠኝ» አልኩት። «ከአንድ ካርቶን የወጡ፣ ወንድማማች።»

«ወንድማማቹን ይተዉት። አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከሌላ ፋብሪካ ይውሰዱ። አብረው ተሠርተው እኩል ከሠሩ እኩል ያረጃሉ። አንዱ የሞተ ሰሞን ሌላውም ይከተላል።»

«ያልተመጣጠነ ጥማድ ትልም ያጣምማል።»

«ኧረ ኦቦ፣ እነዚህ እኮ አያርሱም!»

«አንተ ነጋዴ ነህ፤ በቀንበር ምን አገባህ?»

ወንድማማቾቹን ገዝቼ ወጣሁ። በባጃጅ ውስጥ ዝናብ እንዳይነካቸው እንደ ጥጃ ታቅፌያቸው ቤቴ ገባሁ።

ጫልቱ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። የነጋዴውን አላዋቂነት ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

«የዴዴሳዎቹን ረሳሃቸው?»

እነሱ አይረሱም። አዲስ ጎጆ ወጪዎች ሳለን ከአንድ ደገኛ በረት ሁለት ቀይ በሬዎች ገዝቼ ነበር፤ በዕድሜ እኩዮች፣ በቁመት እኩዮች፣ መንገደኛ ቆሞ የሚያያቸው። ዴዴሳ ቆላ ወዳለው ማሳዬ አወረድኳቸው። ገንዲ የሚባለው የቆላ ከብት በሽታ ገባባቸው። አንዱ ሰኞ ወደቀ፤ ሌላው ሳምንቱ ሳያልፍ ተከተለው። ጎረቤቴ ደግሞ አንድ የደጋ ወፍራምና አንድ የቆላ ከሲታ ጠምዶ ያርስ ነበር፤ በትልሙ ጠማማነት ስንስቅበት ከርመናል። ወፍራሙ ሞተበት። ከሲታው ግን በሽታውን ከጥጃነቱ የለመደ ነበርና ተረፈ፤ ከሌላ ሰው በሬ ጋር መቀናጆ ገብቶ ሲያርስ ከረመ። እኔ ያን ክረምት በዶማ ቆፈርኩ።

«አንድ ዓይነቱን አንድ በሽታ ይወስደዋል» አለች ጫልቱ። ድምፅዋ ጎርነን ብሏል፤ እንቅርቱ ከአሁኑ ሊጫናት ጀምሯል።

በማግሥቱ ተመለስኩ። ሸምሱ ከሩቅ አይቶኝ «ምነው አባ ሌንሳ፣ አንደኛው ወጋዎት እንዴ?» አለ።

«ከሌላ በረት ስጠኝ።»

አንዱን ተቀብሎ ሌላ ፋብሪካ በሠራው ለወጠልኝ። እሱም የመብራት መጥፋትን ይችላል፤ ትንሽ ዘገም ስለሚል ግን ሁለቱም በእሱ እርምጃ ነው የሚሄዱት። ይሂዱ። መዝሙር የሚቸኩልበት ቦታ የለውም። ሸምሱ ሲሸኘኝ ምክር አልነፈገኝም፤ «ጥማዱ የሚያድንዎት አንዱ ሲሞት ነው። መብረቅ ቤቱን ከመታው ትልቁም ትንሹም አብረው ይሄዳሉ። ሌላ ቦታ ሌላ ቅጂ ይኑርዎት» አለኝ። በክረምት መብረቅ እንዴት እንደሚወድቅ እንደ እኔ ላለ የጉቶ ጊዳ ወረዳ ሰው አይነገረውም።

እሑድ ሌንሳ መጥታ ሁለቱን ገጠመቻቸው። መዘምራኑም መጡ። የመጀመሪያው መዝሙር ተቀርጾ ከስልኩ ወደ ሰርቨሩ እንደገባ መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመለስ መዝሙሩ አለ። ሰው ሁሉ «ሃሌ ሉያ» ሲል ጫልቱ በቴሌቪዥኑ ራሷን እያየች «አንገቴ ይህን ያህል አብጧል?» አለች።

እኔም ወሰንኩ። አንድ ቅጂ ነቀምቴ ሌንሳ ቤት ይቀመጣል። ሌላው እኔ ዘንድ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ሲዘመር ከንፈሬን ብቻ የማንቀሳቅስ ሰው እንደሆንኩ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። አሁን በቆሎ ስንኮተኩት ጫልቱ አንድ መስመር ዝቅ አድርጋ ትልልኛለች፤ እኔ እደግመዋለሁ። ትስቃለች። «እሱ ዜማ አይደለም፣ በሬ መጥሪያ ነው» ትለኛለች። እንደገና እላለሁ። ትናንት የመጀመሪያውን መዝሙር ከነአዝማቹ ይዤ ከማሳው ወጣሁ፤ ዛሬ ሁለተኛውን ጀመርን።

ድምፄ አያምርም። ግን መብራት አይፈልግም።