ዜና መብረቅ ዘምሥራቅ፦ እመይቴ ዘነበች በጣውላ ታንክ እንደ ዘመቱ

በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ አብዮቱ በፈነዳ በስምንተኛው ዓመት፣ የከዚራ ጥላ፣ የሐሜተኞች መዶሻ፣ እመይቴ ጓድ ዘነበች በቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበርነት በተሾሙ በሁለተኛው ክረምት፣ እንዲህ ሆነ። ቀበሌ ሁሉ ለአብዮቱ በዓል የጦር መሣሪያ አምሳል ይዞ እንዲወጣ ታዘዘ፤ ጎረቤት ቀበሌም የሸራ አውሮፕላን መሥራቱ ተሰማ። ያን ጊዜ ጦረኛው የከዚራ ሰፈር ሕዝብ በቅናት ነደደ፤ የጣራ ቆርቆሮ፣ የዘይት በርሜልና የሣጥን ጣውላ አዋጥቶ በጋሪ ነጂው በጃማዕ ጋሪ ላይ ታንክ ሠራ፤ የምድጃ ጭስ ማውጫ አፈሙዝ አደረገለት፤ ስሙንም መብረቅ ዘምሥራቅ አለው። በሆዱም የጃማዕ አህያ ተሰወረች፤ እርሷም ከሶማሊኛ በቀር ቋንቋ የማትሰማ፣ ከጌታዋ በቀር ሹም የማታውቅ ነበረች።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ክፍሉ ታንኩን ሊጋልቡ ቢነሡ መግቢያ የሆነው የበርሜሉ አፍ ሆዳቸውን እምቢ አለ፤ ስለዚህ ቀጭኗ እመይቴ ዘነበች የወታደር ቆብ ደፍተው ገቡ። ጓድ ክፍሉም በድምፅ ማጉያ፣ “ታንክ በአህያ ይጎተታል የሚል አድኃሪ ነው! ጃማዕ ከታንኩ ይራቅ!” ብለው አወጁ። ጃማዕም፣ “ወላሂ፣ ያለ እኔ ለማንም አትታዘዝም!” ብሎ ጮኸ፤ የሚሰማው ግን አልነበረም።

ሰልፉም ተነሣ፤ በፊት ባለ ከበሮ፣ በቀኝ ማራገቢያ የያዙ የማኅበሩ ሴቶች፣ በግራ አንዲት ጠመንጃ በየተራ የሚሸከሙ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች፣ በኋላም የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተከተለ። ከበሮው በተመታ ጊዜ ግን አህያዪቱ ደነበረች፤ ሰልፉን ጥላ በጎን መንገድ ውሃው ወደ ጎደለው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ወረደች። እመይቴ ዘነበች በአማርኛ ቢለምኗት፣ በኦሮምኛ ቢቆጧት አልሰማችም፤ ሶማሊኛው ደግሞ በድንጋጤ ጠፋባቸው። ሐብሐብ ሻጮች ተበተኑ፤ ልብስ አጣቢዎች እልል አሉ፤ ጃማዕም ሽርጡን ሰብስቦ ከኋላ ሮጠ።

ታንኩም ከአሸዋው ወጥቶ፣ ዞሮ ዞሮ፣ በዓሉ ወደሚከበርበት አደባባይ በተቃራኒው በኩል ገባ። ይህን ጊዜ ጃማዕ ደርሶ ባለ በሌለ ድምፁ፣ “ጆግሶ! ቁሚ!” አለ። አህያዪቱም ቀጥ አለች፤ አፈሙዙም በክብር እንግዶች ደረት ትክክል ቆመ። የእንግዶቹ ጠባቂዎች መሣሪያቸውን አቀባበሉ። በዚያ ዘመን ሰውን ለማጥፋት ከዚህ ያነሰም ይበቃ ነበርና፣ እመይቴ ዘነበች ልጆቻቸው ታወሷቸው። ከዚያ ግን ቆባቸውን አቅንተው እንዲህ አወጁ፦

“ስሙ! ጠላት በፊት ሲጠብቀን እኛ የከዚራ ሴቶች በጀርባው ዞረን መጣን! ይህ የከበባ ስልት ነው፤ ያልገባው ይጠይቅ!”

የጠየቀ አልነበረም፤ አልገባኝም የሚል ባለሥልጣን ታይቶ አይታወቅምና። አህያዪቱም በጭስ ማውጫው አናፋች፤ አደባባዩ ተንቀጠቀጠ። ትልቁ እንግዳ ተነሥተው አጨበጨቡ፤ ስለዚህ ሁሉም ተነሥቶ አጨበጨበ። ቀበሌው አንደኛ ወጣ፤ በተከታዩ ዓመትም ቀበሌ ሁሉ በኋላ በኩል እንዲገባ ታዘዘ።

እመይቴ ዘነበች ግን ከድሉም በኋላ አልወረዱም፤ በርሜሉ መግባትን እንጂ መውጣትን አልፈቀደምና፣ መጋዝ እስኪመጣ ድረስ ቆመው የሹማምንቱን እጅ በግርማ ጨበጡ። እነሆ ደቻቱን በየብስ የተሻገሩ፣ ያለ ጥይት መንግሥትን ከመቀመጫው ያስነሡ፣ በበርሜል ተወትፈው አንገታቸው ያልጎበጠ የእመይቴ ጓድ ዘነበች ዝና ከከተማው ከከዚራ እስከ ገጠሩ ዋሂል ይሰማ!