ጋሼ ማለደ እና እሳቷ

እሳት በነደደበት ሁሉ አንድ ቆስቋሽ አይጠፋም። ሠርግ ይሁን ለቅሶ፣ ሽርሽር ይሁን የልጅ ልደት፣ ሌላ ሰው ደክሞ ያቀጣጠለውን እሳት ሲያይ እጁን የሚበላው፣ "ቆይ፣ እንዲህ አይደለም" ብሎ ጎንበስ የሚል ሰው አለ። ደህና የሚነደውን ያገላብጠዋል። ጭስ ሲበዛ ደግሞ ጥፋቱ የእንጨቱ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ምናልባት አጎታችሁ ነው፣ ምናልባትም እናንተው ናችሁ። የእኛው፣ እስራኤል አገር ያለችው የአሽቀሎን ከተማ፣ ክቡር ሊቀ ቆስቋሽ ጋሼ ማለደ ይባላሉ።

ጋሼ ማለደ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፋብሪካ ውስጥ የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዱ ነበር። በሥራቸው እሳት የሚባል ነገር አልነበረም። ይህ ፍቅር ከየት እንደመጣባቸው ሲጠየቁ፣ በሱዳን በኩል አብረዋቸው የመጡ ዘመዶቻቸው "ያኔም እንዲሁ ነበሩ" ከማለት ሌላ መልስ የላቸውም። እሳት ሲያዩ የሚሉት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ትንፋሽ አጥሯታል፤ አንዴ ብቻ ልንካት።" አንዴ ብቻ ነክተዋት ግን አያውቁም።

በነፃነት ቀን ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ፣ ከጥንቱ ከተማ ፍርስራሾች አጠገብ ባለው ሣር ላይ፣ ከተማው በሙሉ ወጥቶ ሥጋ ይጠብሳል። ጋሼ ማለደ የእኛን ማንጋል፣ የሥጋ መጥበሻውን የከሰል ምድጃ፣ ነካክተው ሲጨርሱ ወደ ጎረቤት ይሻገራሉ። አንድ ዓመት ከማያውቁት ሰውዬ እጅ ማራገቢያ ካርቶኑን ተቀብለው ማራገብ ጀመሩ። ሰውየው ሩሲያኛ ይናገራል፣ እሳቸው አማርኛ፤ የሁለቱም ዕብራይስጥ ለጠብ አይበቃም። ስለዚህ ተስማሙ። ወደ ቤት ልንመለስ ስንል ጠፍተውብን፣ በሰውየው ቤተሰብ መካከል፣ የክብር ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲበሉ አገኘናቸው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የጀልባ ማቆሚያው ማሪና ላይ ካለ ካፌ ጋበዝናቸው። ካፌው ከመስታወት ጀርባ የሚነድ የሚያምር እሳት አለው። ጋሼ ማለደ ዓሣቸውን ትተው እሳቱን ሲያዩ ቆዩና አስተናጋጁን ጠርተው በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት ጠየቁት። ልጁ በትሕትና፣ እሳቱ በጋዝ የሚሠራ መሆኑን፣ ግንዶቹም ከሸክላ የተሠሩ እንጂ እንጨት አለመሆናቸውን አስረዳቸው። እንደተታለለ ሰው ሳህናቸውን ገፉ። ዓሣው እዚያው ቀረ።

እንግዲህ እግዚአብሔር ይህን ሰው ለማን ሰጠው? ለእትዬ ጌጤ።

እትዬ ጌጤ ባለቤታቸው ናቸው። ሚግዳል በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው አሮጌ ቤታቸው፣ ሚሽፓኽቶን አላቸው፤ ወላጆች ሥራ ስንውል ትንንሽ ልጆቻችንን ቤታቸው ይዘው ይውላሉ ማለት ነው። የእኔ ሊኖይ መዳህ ሳትጀምር ነው እዚያ የገባችው። ቤቱ ግንቡ ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። ዝናብ ሲጀምር የባሕሩ እርጥበት ይገባና ግድግዳው ያልበዋል። ማዕበል ባለበት ቀን ደግሞ መብራት ይጠፋል። ከዚህ ሁሉ የሚያድናቸው የቀድሞው ባለቤት ትቶት የሄደው የብረት ምድጃ ነው። በእንጨት ይሠራል፤ በሩ ላይ መስታወት አለው።

እትዬ ጌጤ ለዚያ ምድጃ ያወጡት ሕግ አገር ያስተዳድራል። የጭስ ማውጫው ዝናቡ ሳይመጣ በባለሙያ ይጠረጋል። እርጥብ እንጨት ደጃፉን አያልፍም። አመዱ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ተደርጎ ግቢ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ትናንት ነደደ፣ ዛሬ በረደ ተብሎ ቆሻሻ መጣያ አይጣልም። በምድጃው ዙሪያ ባለ መዝጊያ የብረት አጥር በብሎን ከግድግዳው ጋር ታስሯል። ከፍ ብሎ ደግሞ ጭስንም፣ ሽታ የሌለውን መርዛማ ጋዝም ለይቶ የሚጮህ መሣሪያ ተሰቅሏል። መሣሪያው ሲሰቀል ጋሼ ማለደ ተቀይመው ነበር። እሳቸው አፍንጫ የላቸውም ወይ? ባለቤታቸው ይህ ጋዝ እንደማይሸት ሊያስረዷቸው ሞከሩ። "ለእኔ ይሸተኛል" አሉ።

ከሕጎቹ ሁሉ ከባዱ የእጀታው ሕግ ነው። የምድጃው በር እጀታ ይወልቃል። ጋሼ ማለደ ጠዋት፣ ልጆቹ ሳይመጡ፣ እሳቷን ያቀጣጥላሉ። የብርቱካን ግንድ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ቤቱን እስከ ምሳ ሰዓት ያሞቀዋል። የመጀመሪያው ልጅ ደጃፉን ሲረግጥ እጀታው ተነቅሎ እትዬ ጌጤ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ለጋሼ ማለደ የሚቀራቸው ማየት ብቻ ነው። እስረኛ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው አጥሩን ይዘው ይቆማሉ።

ይህ ስምምነት እስከ ባለፈው ታኅሣሥ ድረስ ጸና።

የዚያን ቀን ጠዋት ከባሕሩ በኩል ኃይለኛ ነፋስ ይነፍስ ነበር። እሳቷ አልሆነላትም፤ አንድ ግንድ ተንሸራቶ መስታወቱ ላይ ተጋድሟል፣ ነበልባሉም ታፍኗል። እትዬ ጌጤ የትንሹን ልጅ የኦፌቅን ዳይፐር ሊቀይሩ ጓዳ ሲገቡ ሽርጣቸውን ወንበር ላይ ጥለውት ሄዱ። ሌሎቹ ልጆች ምንጣፉ ላይ ይጫወታሉ። ጋሼ ማለደ ሽርጡን አዩ፣ ግንዱን አዩ። አንዴ ብቻ ነው አሉ በልባቸው። እጀታውን አወጡ፣ አጥሩን ከፈቱ፣ የምድጃውን በር ከፍተው ጎንበስ አሉ።

አዛቃው ያን ጊዜ ጮኸ።

በእኛ ከተማ የሮኬት ማስጠንቀቂያው ጩኸት ሲሰማ ሰው ቆሞ አያስብም፤ ልጅ አንስቶ ይሮጣል። ጋሼ ማለደም ሊኖይን በአንድ ክንዳቸው፣ ሌላዋን ሕፃን በሌላው ክንዳቸው አቅፈው ወደ ማማዱ፣ ወደ ኮንክሪቱ መጠለያ ክፍል፣ ሮጡ። እትዬ ጌጤ ኦፌቅን ይዘው የቀሩትን እየነዱ ተከተሏቸው። የብረቱ በር ተዘጋ። ልጆቹ ሁሉ መግባታቸውን አይተው ቀና ሲሉ፣ እጀታውን በባላቸው እጅ ላይ አዩት።

"ማለደ፣ ዘግተኸዋል?"

 መልሱን የሰጠው ሳሎን ውስጥ የተሰቀለው መሣሪያ ነው፤ ከብረቱ በር ወዲያ ይጮህ ጀመር።

በዚያ ሰዓት ከማማድ መውጣት ክልክል ነው። ከሩቅ ድው ድው የሚል ድምፅ ይሰማል። ጋሼ ማለደ ሕፃኗን ከጭናቸው አንስተው ለባለቤታቸው ሰጡና "ልጆቹን ያዢ" ብለው ወጡ፤ በሩንም ከኋላቸው ዘጉት። ሳሎኑ በጭስ ተሞልቷል። ግንዱ ከምድጃው ወድቆ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ ምንጣፉም ተያይዟል። ግንዱን በባዶ እጃቸው አንስተው ምድጃው ውስጥ ጣሉት፤ በሩን ዘጉ። የሚነደውን ምንጣፍ ጠቅልለው እየጎተቱ ግቢ ዝናብ ላይ አወጡትና መስኮቶቹን ሁሉ ከፈቱ። እትዬ ጌጤ በዚያን ጊዜ ልጆቹን እያጨበጨቡ ያዘፍኑ ነበር። በኋላ ሲነግሩኝ የትኛውን ዘፈን እንደሆነ ማስታወስ አቃታቸው።

ለእኛ ለወላጆቹ ሁሉ የደወሉት እትዬ ጌጤ ራሳቸው ናቸው። ከሥራ እየሮጥኩ ስደርስ ሊኖይ ጎረቤት ቤት ሙዝ እየበላች ነበር። ጋሼ ማለደ ግቢ ውስጥ፣ የተቃጠለው ምንጣፍ አጠገብ፣ ዝናቡ እየመታቸው ቆመዋል። መዳፋቸው በእርጥብ ፎጣ ተጠቅልሏል።

"በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ" አሉኝ። "ልጅህ ደህና ናት።"

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ብዙ ንግግር ነበረኝ። ግማሹን ተናገርኩት፤ መናገርም ነበረብኝ። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ሁላችንም ልጆቻችንን ወደ ጤና ጣቢያው፣ ወደ ቁፓት ኾሊም፣ ወስደን አስመረመርን፤ ደህና ናቸው ተባልን። ነገር ግን ምድጃው አንድ ነገር እስኪሆን ሊኖይን እንደማላመጣት ለእትዬ ጌጤ ነገርኳቸው። አልተከራከሩኝም።

በማግስቱ የሚሽፓኽቶኖቹ ተቆጣጣሪ መጣች። ኣየለት ትባላለች፤ የትግራይ ቤተሰብ ልጅ ስትሆን አማርኛዋ ከዕብራይስጥ ጋር ይቀላቀላል። እትዬ ጌጤ ወንበር ሳይሰጧት ጋሼ ማለደ ቀድመው ሁሉንም ተናገሩ፤ ነፋሱን አልከሰሱም፣ እንጨቱንም አልከሰሱም። ኣየለት እስኪጨርሱ ጠበቀች።

"ቶዳ፣ አመሰግናለሁ ጋሼ፣ እውነቱን ስለነገሩኝ" አለች። "ግን እኔ ሌሎቹንም ልጆች ማሰብ አለብኝ። ባለሙያ አይቶ እስኪፈቅድ ምድጃው አይነድም። ከተፈቀደም በኋላ ልጆች ባሉበት ሰዓት በሩን የሚከፍት ሰው የለም። አፍ ኤኻድ፣ ማንም።"

ቀጥላም አጥሩ ቁልፍ እንዲደረግለት፣ እሳቱ ሲነድ ደግሞ አንድ አዋቂ ሰው ከልጆቹ ዓይኑን ሳይነቅል አጠገቡ እንዲሆን አዘዘች። ያ ሰው ማን እንደሚሆን አልተናገረችም። ጋሼ ማለደ ግን እሳቸው እንዳልሆኑ ቆርጠው ተነሡ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ሳይመጡ ከቤት ይወጡ ጀመር። ገበያው ውስጥ ይዞራሉ፣ በአውቶቡስ ማሪና ይሄዳሉ፣ ብርድ ላይ ተቀምጠው ጀልባ ያያሉ። አንድ ቀን ሚግዳል ገበያ አየኋቸው። አትክልት ሻጮቹ ሳጥን ሰባብረው አሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ እሳት አንድደው እጃቸውን ያሞቃሉ፤ አነዳደዱ የማያምር፣ ጭሱ ዓይን የሚያወጣ እሳት። ከሻጮቹ አንዱ "ኑ ሙቁ" ብሎ ጠራቸው። ጋሼ ማለደ በፋሻ የታሰረውን እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው አለፉ። ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም።

የደነገጥኩት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ሁሉ ቀን በፊት ይህን ሰው ከእሳት የሚያርቅልን ቢገኝ ብለን ስንት ጊዜ ቀልደናል። አሁን ርቀው ሳያቸው ሌላ ሰው ያየሁ መሰለኝ።

በቀጥታ ወደ እትዬ ጌጤ ሄጄ ያየሁትን ነገርኳቸው። እሳቸውም እያዩት ኖረዋል፤ እራት ላይ እንደማይናገሩ፣ ልጆቹም በየጠዋቱ "ሳባ ማለደ ኤፎ?"፣ አባባ ማለደ የት አሉ፣ እያሉ በየክፍሉ እንደሚፈልጓቸው ነገሩኝ። ባለሙያው ምድጃውን አይቶ ፈቅዷል፣ አጥሩም ተቆልፏል፤ የጎደለው የሚቀመጠው ሰው ብቻ ነው።

"ሌላ ሰው ይፈልጉ ይሆን?" አልኳቸው።

"ከእሱ የበለጠ የፈራ ሰው ከየት አመጣለሁ?" አሉኝ።

ያን ማታ ለባላቸው ያሉትን የነገሩኝ እትዬ ጌጤ ራሳቸው ናቸው። አንድ ወንበር ከአጥሩ ራቅ አድርገው፣ ጀርባውን ለምድጃው ሰጥተው አስቀመጡ። "እዚህ ትቀመጣለህ" አሏቸው። "ፊትህ ወደ ልጆቹ ነው። እሳቷን ጠዋት አንድዳት፤ ከዚያ በኋላ የእኔ ናት።"  ጋሼ ማለደ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወላጆቹ ያውቃሉ ወይ? እትዬ ጌጤ ለእያንዳንዳችን ደወሉልን። ለኣየለትም ደወሉ፤ መጥታ በዓይኗ ልታይ ፈለገችና መጣች። አየች፣ ሻይዋን ጠጣች፣ ሄደች።

እኔ ሊኖይን የመለስኳት በሳምንቱ መጨረሻ አካባቢ፣ በዝናባማ ጠዋት ነው። እውነቱን ለመናገር እስክትለምድ በሚል ሰበብ እኔም ቆየሁ። ጋሼ ማለደ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ኦፌቅ ኳስ ተከትሎ ወደ አጥሩ ሲንደረደር እግራቸውን እንደ ኬላ ዘረጉና "ኻም" አሉት፣ ትኩስ ነው ለማለት። ልጁም "ኻም" ብሎ ኳሱን ትቶ ተመለሰ። ኳሱን አንስተው ወረወሩለት። ሊኖይ ጭናቸው ላይ ወጥታ ጫማዋን አውልቃ ጣለች፤ አንስተው አደረጉላት። ደግማ ጣለችው።

ከኋላቸው ምድጃው ውስጥ ግንድ ተሰብሮ ወደቀ። ትከሻቸው ዘለለ። የዳነው እጃቸው የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠ፤ አንገታቸው ግን ቦታውን አልለቀቀም። ዓይናቸውን ከልጆቹ ሳይነቅሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

"እንዴት ናት?"

በመስታወቱ አየሁ። ሁለቱ ግንዶች ተደራርበው መሐል ላይ ነበልባሉን አፍነውታል። የታችኛውን በትንሹ ወደ ግራ ቢገፉት ትነሣ ነበር። እኔ እንኳ እጄን ሲበላኝ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

"ደህና እየነደደች ነው፣ ጋሼ" አልኳቸው።

አንገታቸውን ነቀነቁና የሊኖይን ካልሲ ወደ ላይ ይስቡ ጀመር።