የዘጠኙ ዓሦቼ አሟሟት

በእኛ አካባቢ ሴት በስንፍናዋ ትታማለች፣ በኩራቷ ትታማለች፣ ቆጮዋ ከወፈረም በቆጮዋ ትታማለች። በጽዳቷ የታማች ሴት ግን አላውቅም። መታማት ነበረባት እኮ! በጽዳት ስም የተሠራን ግፍ እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤ ኖሬያለሁ።

ሰው ፊት መናገር አልወድም። ክፍል ውስጥ እንኳ ከተማሪዎቹ ይልቅ ሰሌዳውን እያየሁ ነው የማስተምረው። ይህንንም ለመጻፍ የደፈርኩት እኔና አንባቢ ዓይን ለዓይን ስለማንተያይ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ፣ ባለቤቴ ፍሰሐ ከአዲስ አበባ አንድ የመስታወት ገንዳና ዘጠኝ ወርቃማ ዓሦች ይዞ ቡታጅራ ገባ። ሻጩን «እንዴት ነው የሚያዘው?» ብሎ ቢጠይቀው «ውሃ ሞልቶ፣ ዓሣ ጨምሮ፣ ቁጭ ብሎ ማየት ነው» አለው። ቁጭ ብሎ ማየት! ዶሮ የሚሸጥልህ ሰው እንኳ ዶሮዋ የት እንደምታድር ይጠይቅሃል። ይሄ ሰውዬ ዘጠኝ ነፍስ በፌስታል ቋጥሮ ሲሸጥ ሌላ ቃል አልተነፈሰም።

ያልነገረን ይህንን ነው። ዓሣ የሚሸናው እዚያው በሚተነፍስበት ውሃ ውስጥ ነው። ከሽንቱና ካልተበላው ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። አሞኒያውን የሚበሉ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ እነሱ ናይትራይት ያደርጉታል፣ እሱም መርዝ ነው። ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ናይትሬት ያደርጉታል፤ ይሄኛው ያን ያህል አይጎዳም። እነዚህ ባለውለታዎች በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ሰፍረው እስኪበዙ ሳምንታት ይፈጃል። አዲስ ገንዳ ማለት ሽንት ቤት ሳይቆፈርለት ቤተሰብ የገባበት ቤት ማለት ነው።

ይህን ማን አያውቅም? እኔ አውቃለሁ! የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። በየዓመቱ ክብ ሥዬ፣ ቀስት በቀስት አያይዤ የማስተምረው ነው፤ ፈተና ላይም አምስት ማርክ አለው። ሰሌዳ ላይ ያለ እውቀትና ሳሎን ውስጥ ያለ ገንዳ ግን አይተዋወቁም።

ደግነቱ ከገንዳው ጋር ውሃ መመርመሪያ ጠብታ ነበረ። ተቀድቶ ጠብታው የገባበት ውሃ ቢጫ ከሆነ አሞኒያ የለም፤ ወደ አረንጓዴ ከሄደ አለ። ናይትራይቱን የሚያሳየው ሌላኛው ጠብታ ደግሞ ከሰማያዊ ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል። በየሁለት ቀኑ ከውሃው ጥቂቱን እየቀየርኩ ዓሦቹን በመከራ አቆየኋቸው። መስከረም ሲገባ አሞኒያው ወደ ቢጫ ወረደ። ናይትራይቱም ሊወርድ ጥቂት ሲቀረው መስቀል ደረሰ።

መስቀል ሲደርስ ጉራጌ ቤት ምን እንደሚደረግ መናገር አለብኝ? ግድግዳው ይለቀለቃል፤ ዓመቱን ሙሉ ያልተነካ ዕቃ ሳይቀር ወርዶ ይታጠባል። የአዲስ አበባው ዘመድ ይመጣል፤ የዘመድ ዓይን ደግሞ ጥግ ጥጉን ነው የሚያየው። እዚሁ ሰፈር የምትኖረው የባሌ እህት ጽጌማ፣ ጣቷን አሳርፋ አቧራ የማትፈልግበት መደርደሪያ የለም። ገንዳውን አየሁት። ጠጠሩ ላይ ቡናማ ዝቃጭ፣ ስፖንጁ ላይ ዝልግልግ ነገር አለ። አፈርኩ። ስፖንጁን ቀቀልኩት። ጠጠሩን አሽቼ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ውሃውን በሙሉ ደፍቼ በአዲስ ሞላሁት። ገንዳው ጥርት አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ መርዝም ጥርት ብሎ እንደሚቀመጥ ግን የተናገረ የለም።

እንግዶቹ መጡ። እኛ ቤት ደግሞ እየበሉ የማይበላን ማየት ነውር ነው። አንዱ ዳቦ ቆረሰላቸው፣ አንዷ አይብ ጣለችላቸው። ጽጌ «ዓሣ ናቸው ተብሎ በመስቀል ይጾማሉ እንዴ?» ብላ ክትፎ ጨመረችላቸው። እንግዳ ላይ መናገር አፍሬ ዝም አልኩ። በሁለተኛው ቀን ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር። ታፍነው ነበር። እንግዶቹ ግን «ሰላም እያሉን ነው!» ብለው አጨበጨቡ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን እትዬ ወለላ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡ። ገንዳው ፊት ብዙ ቆዩ። «ውይ፣ ሲያምሩ! ወርቅ እኮ ናቸው» አሉ። በማግስቱ ጠዋት ዘጠኙም ሞተው ተንሳፍፈው ተገኙ።

ጽጌ ለፍርድ አልዘገየችም። «ትናንት ሲያምሩ ያለው ማን ነበር?» አለች። ሁሉም ተያየ። «ዓይን ነው የበላቸው» ተባለ፤ አለቀ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ከውሃው ትንሽ ቀድቼ መረመርኩ። ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። ሳሎን ውስጥ የአንዲት ደግ ሴት ስም እየጠፋ ነው፤ ማስረጃው እጄ ላይ ነው። ምን አደረግኩ? ደፋሁት። የባዮሎጂ መምህርቷ ዓሦቿን በአጠባ ፈጀቻቸው ከምባል ዝም ማለት ይሻላል፣ ነገሩም በሳምንት ይረሳል ብዬ።

አልተረሳም! እትዬ ወለላ በሚያልፉበት እናቶች የልጆቻቸውን ፊት ይሸፍናሉ። ሠርግ ላይ ሙሽራ የማይታይበት ጥግ ፈልገው ያስቀምጧቸዋል። እኛ ቤት እግራቸውን ቆረጡ። መንገድ ላይ ስንገናኝ መሬት መሬት እያዩ «ደኅና ነሽ፣ ቲቸር?» ይሉኛል። ዓይናቸውን ከእኔ ሲሰበስቡ አንጀቴ ይቆረጣል፤ አፌ ግን አይከፈትም።

ዘንድሮ ፍሰሐ ሌላ ገንዳ አመጣ። በዚህኛው አልቀለድኩም። አምስት ሳምንት ያለ ዓሣ አቆየሁት። ለባክቴሪያዎቹ ቀለብ እንዲሆን ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጣልኩ፣ እየመረመርኩ ጠበቅኩ። አሞኒያው ወጣ፣ ወረደ፤ ናይትራይቱ ወጣ፣ ወረደ። ፍሰሐ «ውሃ ማርባት ጀመርሽ?» እያለ አሾፈብኝ፤ ጎረቤቱም አብሮት ሳቀ። ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ሦስት ዓሦች አስገባሁ። ወር አለፋቸው፤ እንደ ጎረምሳ ይፈነጫሉ።

ታዲያ «ጎበዝ» የተባልኩ መሰላችሁ? የሴቶች ማኅበራችን ተራ እኔ ጋ ደርሶ ቤቴ በተሰበሰብንበት ቀን ጽጌ ወደ ገንዳው እየጠቆመች «አያችሁ? ወለላ ቤቱን ስላልረገጠች እኮ ነው!» አለች። ደሜ ፈላ። የአምስት ሳምንት ድካሜን! እውነቱን ልናገር፣ በመጨረሻ አፌን የከፈተው ርኅራኄ ሳይሆን ንዴት ነው።

ተነሣሁ።  «የዚያን ጊዜዎቹን ዓሦች የገደልኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ።

 ጽጌ በለሆሳስ «ምን አድርገሽ?» አለች። ውሃው ውስጥ በጎ የሚሠሩ ፍጥረቶች እንደነበሩ፣ እነሱን ስጨርስ ዓሦቹም እንዳለቁ ነገርኳት።

«የታሉ ፍጥረቶቹ?»

«በዓይን አይታዩም።»

«ስንት ነበሩ?»

«በሚሊዮን የሚቆጠሩ።»

«እነሱንም አንቺ?»

«አዎ፤ ሳላውቀው፣ በአንድ ጠዋት።»

አንዷ ያነሣችውን ጉርሻ ቀስ ብላ ወደ ትሪው መለሰች። ጠመኔ ቢኖረኝ ክቡን እሥልላቸው ነበር። የሰማኝ ግን የለም፤ ሁሉም ነጠላቸውን እያነሡ ነበር።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይኼ ነው። በሳምንቱ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች እናት የልጇን ፊት በሻሿ ሸፈነች። ገበያ ላይ ባለ ቅቤዋ ቅቤው ላይ ጎንበስ ብላ «እንትፍ እንትፍ» አለች። ጽጌ ልጆቿን ወደ እኔ መላክ ተወች። እኔ፣ የሰው ዓይን ለማየት የማልደፍረው ሴት!

እሑድ ዕለት በሩ ተንኳኳ። እትዬ ወለላ ናቸው፤ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው። አገላብጠው ሳሙኝ። «ስሜን መለስሽልኝ» ብለው አለቀሱ። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ አነሡኝና መረቁኝ። አንጀቴ ራሰ። ይኸው አንድ ሰው እውነቱን ተረዳልኝ ብዬ፣ «እስቲ ሕፃኑን ልየው» ስል እጄን ዘረጋሁ።

እትዬ ወለላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉና ነጠላቸውን ፊቱ ላይ ደረቡበት። «ተኝቷል» አሉ። ሕፃኑ ከነጠላው ሥር እየተራገጠ ይስቃል።

«እትዬ ወለላ! እርስዎም?»

«ኧረ እኔማ አምንሻለሁ፣ ልጄ! ሐሜት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ግን ልጅ ነው…» አሉና ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ትከሻቸው አዛውረው፣ በዚያ በደግ ድምፃቸው፣ «አንቺ ዝም ብለሽ ዓሦችሽን እይ» አሉኝ።